የሐይቅ ዳር ወረዳን የጤና አሃዝ ከክልልና ከአገር አማካይ ጋር እንዴት ማነጻጸር ይቻላል?

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ፣ የበጀት ዓመቱ ሪፖርት ተጠቃሎ ሲያልቅ፣ በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «የእኛ ወረዳ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው ወይስ በታች?» ጠያቂው አንድ ጊዜ የምክር ቤት አባል፣ ሌላ ጊዜ ከዞን የመጣ የድጋፋዊ ክትትል ቡድን፣ ሌላ ጊዜም ሥራ ከጀመረ ስድስት ወር ያልሞላው የዕቅድ ባለሙያ ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከሁለት ሰነዶች ሁለት መቶኛዎችን አውጥቶ ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። ይህ መመሪያ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ከመቀመጣቸው በፊት ምን መደረግ እንዳለበት ያሳያል። በአእምሮዬ ያሉት ሐይቁን የሚያዋስኑት ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ደራ፣ ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ደምቢያና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ለስሌት ማሳያ የምጠቀምባቸው የወረዳ ቁጥሮች ግን ለትምህርት ብቻ የቀረቡ እንጂ የየትኛውም ወረዳ ሪፖርት አይደሉም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ የሚመነጩ ናቸው። የታመመውን መቁጠር ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ከስንት ሰው መካከል እንደታመመ ማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደ አካፋዩ፣ ማለትም መቶኛው ወደሚሰላበት ጠቅላላ የሰው ቁጥር፣ የሚመለስ ነው።

መጀመሪያ የአማካዩን ምንጭ መለየት

«የአገር አማካይ» እየተባለ በየስብሰባው የሚጠቀሰው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። ይህ ጥናት በ2008 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2016) በተካሄደበት ጊዜ ከመላ አገሪቱ በናሙና በተመረጡ ከ16,000 በላይ ቤተሰቦች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ናሙናው ለአገርና ለክልል የሚያገለግል ሆኖ የተነደፈ በመሆኑ፣ ከዚህ ጥናት ውስጥ የዞን ወይም የወረዳ ቁጥር ማውጣት አይቻልም። የወረዳው ቁጥር ደግሞ የሚመጣው ከጤና ኬላ፣ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል በየወሩ ተሰብስቦ ከሚላከው መደበኛ ሪፖርት ነው። አንደኛው እናትን ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሲሆን ሌላው ወደ ተቋም የመጣችውን ብቻ የሚቆጥር ነው፤ ወደ ተቋም ሳትመጣ የቀረችው ሴት በመጀመሪያው ውስጥ አለች፣ በሁለተኛው ውስጥ የለችም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚያሳስት ከክትባት በላይ የሚያስረዳ የለም። በ2008ቱ ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙ ከ12 እስከ 23 ወር የሆናቸው ሕፃናት በአገር ደረጃ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዘመን በርካታ ወረዳዎች ከ90 በመቶ በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ100 በላይ ያሳዩ ነበር። አንድ ወረዳ 95ን ከ39 ጋር አነጻጽሮ «ከአገሪቱ ከእጥፍ በላይ ነን» ቢል አንዳችም ነገር አላነጻጸረም። ሪፖርት ከሪፖርት ጋር፣ ዳሰሳ ከዳሰሳ ጋር ይነጻጸራል፤ ወረዳው የራሱ የቤት ለቤት ጥናት ከሌለው የሚያነጻጽረው በዚያው የሪፖርት ሥርዓት ከወጣው የዞንና የክልል ቁጥር ጋር ነው።

ዘመኑም አንድ መሆን አለበት። የወረዳው ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚሄድ ሲሆን፣ ወርሃዊው ሪፖርትም ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። የዳሰሳ ጥናት ቁጥር ግን አንዳንድ ጊዜ ያለፉትን አምስት ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜ አሥሩን ይሸፍናል። በዚሁ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በአገር ደረጃ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ 67፣ በአማራ ክልል ደግሞ 85 ተብሎ ተመዝግቧል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ 67ቱ ከጥናቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት የሚመለከት ሲሆን 85ቱ አሥር ዓመታትን የሚመለከት መሆኑን ነው። ሞት እየቀነሰ በመጣበት ዘመን ወደ ኋላ አርቆ የሚቆጥር አሃዝ ምንጊዜም ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ በክልሉና በአገሪቱ መካከል ያለው ልዩነት 18 ነው ብሎ መናገር፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሰነድ ውስጥ ቢገኙም፣ ትክክል አይሆንም።

ከዚያ ቀጥሎ የገጠሩን ከገጠር ጋር ማስተያየት ነው። በዚያው ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች በአገር ደረጃ 26 በመቶ ነበሩ፤ ቁጥሩ ሲከፈል ግን በከተማ 79፣ በገጠር 20 ነበር። በጊዜው 26 በመቶ ያስመዘገበ የገጠር ወረዳ «አማካይ» ሳይሆን ከመሰሎቹ የተሻለ ነበር ማለት ነው።

አካፋዩን መፈተሽ

የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወረዳ የሚሠራበት የሕዝብ ቁጥር ያን ቆጠራ በዕድገት መጠን እያባዙ የተገመተ ነው። በመካከሉ ወረዳዎች ተከፍለዋል፣ ቀበሌዎች ተቀላቅለዋል፤ ባሕር ዳርም እየሰፋች እንደ ዘጌ፣ መሸንቲና ጢስ ዓባይ ያሉትን በከተማ አስተዳደሯ ሥር አድርጋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረዳው ዛሬ የሚያስተዳድራቸውን ቀበሌዎች ዝርዝር ከአካፋዩ ጋር ማመሳከር ነው። ወደ ከተማ የሄደ ቀበሌ በሕዝብ ቁጥሩ ውስጥ ቀርቶ ሪፖርቱ ግን ለከተማው የሚላክ ከሆነ፣ የወረዳው ሽፋን ማንም ሳያጠፋ በወረቀት ላይ ይወርዳል።

ቀጥሎ ማባዣው ይመጣል። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች የሚገመቱት ጠቅላላውን ሕዝብ ከመቶ 3 ከምናምን በሚሆን ማባዣ በማባዛት ነው። ለምሳሌ አንድ ወረዳ 150,000 ሕዝብ አለው ተብሎ በ3.2 በመቶ ቢሰላ 4,800 ሕፃናት ይጠበቃሉ። በዓመቱ 5,100 ሕፃናት አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውን የፔንታ ክትባት ሦስተኛ ዙር ቢወስዱ ሽፋኑ 106 በመቶ ይሆናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ በቤተሰብ ማህደር ላይ በስም የመዘገቧቸው ሕፃናት 5,600 ከሆኑ ግን እውነተኛው ሽፋን 91 በመቶ ነው፤ ያልተከተቡ 500 ሕፃናት አሉ ማለት ነው። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን በስብሰባ ላይ ሲጨበጨብለት አይቻለሁ፤ ሊጨበጨብለት ሳይሆን አካፋዩ እንዲመረመር ሊያስገድድ ይገባ ነበር። ይህን ምርመራ ለማድረግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መዝገብ ከማንኛውም ግምት የተሻለ ነው፤ ሁሉም ቀበሌ እኩል ያልተጻፈ ቢሆንም፣ ሦስት ወይም አራት ቀበሌ መርጦ ከግምቱ ጋር ማስተያየቱ ስሕተቱ ወደየት እንደሚያዘነብል ያሳያል።

ሰውየው የታከመበትና የሚኖርበት ቦታ

ይህ በሐይቁ ዳር ከሌላው ቦታ ይበልጥ የሚከብድ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት፤ በዙሪያዋ ካሉ ወረዳዎች ምጥ የጠናባት፣ ስብራት የደረሰበት፣ ትኩሳት አልወርድ ያለው ሁሉ የሚላከው ወደነዚህ ነው። የደራ እናት ባሕር ዳር ወልዳ ስትመለስ ወሊዱ ለባሕር ዳር ይቆጠራል፤ እሷ ግን ደራ ከሚጠበቁት ወላዶች አንዷ ናት። ውጤቱ የከተማው ሽፋን ከልኩ በላይ፣ የወረዳው ከልኩ በታች መሆኑ ነው። ሞትም እንዲሁ ነው፤ ሪፈር ተጽፎላት በሆስፒታል የሞተች እናት በወረዳዋ ሪፖርት ላይ ሳትታይ ልትቀር ትችላለች።

መፍትሔው ሆስፒታሉ ከሚልከው ማጠቃለያ አልፎ የካርድ ክፍሉንና የማዋለጃ ክፍሉን መዝገብ በመኖሪያ ወረዳ ለይቶ መቁጠር ነው። ይህን ስሞክር ያጋጠመኝን ልናገር። አንድ ተቋም ውስጥ የማዋለጃ መዝገቡን ከፍቼ የ«ወረዳ» ዓምዱን ከላይ ወደታች ስከተል፣ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ «ባ/ዳር» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ እስከ ገጹ መጨረሻ ድረስ ሁለት ሁለት ጭረት፣ ማለትም የ«ከላይ እንደተጻፈው» ምልክት ብቻ ተደርድሮ አገኘሁ። የ«ቀበሌ» ዓምዱ ግን በሌላ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ነበርና፣ ከሃያ አራቱ መስመሮች በሰባቱ ላይ የተጻፉት በባሕር ዳር ከተማ የሌሉ የገጠር ቀበሌዎች ነበሩ። ጸሐፊዋን አልወቅስም፤ ሌሊት በተረኛነት ብቻዋን ስታዋልድ ያደረች አዋላጅ ጭረት መሳቧ አያስገርምም። ነገር ግን የወረዳ ዓምድ ብቻ አይቶ የሚቆጥር ሰው ሰባቱን እናቶች ለከተማው ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ሁለቱን ዓምዶች አንድ ላይ ማንበብ፣ ሲጋጩም ቀበሌውን ማመን ይሻላል። ሙሉ ዓመቱን መቁጠር ባይቻል የሁለት ወር መዝገብ፣ አንድ ከክረምት አንድ ከበጋ ተወስዶ፣ ከወረዳው የሚወጡት እናቶች ከመቶ ስንት እንደሆኑ ለመገመት ይበቃል። የክረምቱን ወር መርሳት አይገባም፤ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ውኃ ሲያለብሱት፣ በደሴቶቹም ጀልባ በማዕበል ሲታገድ፣ ሰው የሚሄድበት ተቋም ይለወጣል።

ትንሽ ቁጥር ላይ አለመቸኮል

የእናቶች ሞት በ2008ቱ ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ 412 ተብሎ ተገምቷል። ጥናቱ ራሱ ይህን ግምት የሚያስቀምጠው ከ273 እስከ 551 ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ይህን ሁሉ ቤተሰብ የጠየቀ ጥናት እንኳ እርግጠኝነቱ በዚህ የተወሰነ ነው ማለት ነው። ወደ ወረዳ ሲወረድ ነገሩ ይብሳል። 100,000 ሕዝብና በዓመት ወደ 3,000 ወሊድ ያለው ወረዳ በአገሪቱ መጠን ቢሄድ በዓመት 12 ያህል ሞት ይጠበቅበታል። ከአጋጣሚ ብቻ የሚመጣውን መዋዠቅ ለመገመት የሚጠበቀውን ቁጥር ስኩዌር ሩት ወስዶ በሁለት ማባዛት ነው፤ የ12 ስኩዌር ሩት ሦስት ተኩል ገደማ በመሆኑ፣ ከ5 እስከ 19 ያለው ቁጥር ሁሉ ከአማካዩ የተለየ ነው ለማለት አያስደፍርም። አምና 8 ዘንድሮ 15 ሆነ ብሎ የጤና ጣቢያ ኃላፊን መውቀስ፣ ወይም በተቃራኒው መሸለም፣ መሠረት የለውም። የሦስት ዓመት መዝገብ ቢደመር የሚጠበቀው 36 ይሆንና መዋዠቁ ከ24 እስከ 48 ይሆናል፤ ከሚጠበቀው ቁጥር አንጻር ሲታይ ጠቧል ማለት ነው። 5,000 ሕዝብ ባለው ቀበሌ ደረጃ ደግሞ በዓመት የሚጠበቀው ከአንድ በታች ስለሆነ ማነጻጸሩን መተው ነው።

ወረዳው በዓመት ሁለት የእናቶች ሞት ብቻ ሪፖርት ካደረገስ? ይህ ከተጠበቀው 12 እጅግ ርቆ ከአጋጣሚ ክልል ውጭ ነው። ሆኖም «ከአገሪቱ ስድስት ጊዜ የተሻልን ነን» ከማለት በፊት በቤት የሞቱትን፣ በመንገድ ላይ የሞቱትንና ባሕር ዳር የሞቱትን መፈለግ ይገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ቢሆንም በገጠር ሞትን ለማስመዝገብ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። የቀብር ዕድር ጸሐፊና የደብሩ አስተዳዳሪ ግን ማን መቼ እንደተቀበረ ያውቃሉ።

ወባ፤ አማካይ የሚያታልልበት ዋና ቦታ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ይህ ከፍታ ወባ ሁልጊዜ የማይጠፋበትም፣ ዘወትር የማይነግሥበትም ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ከመስከረም እስከ ኅዳር ትልቁ፣ በግንቦትና ሰኔ ደግሞ አነስ ያለው ጭማሪ ይታያል። ሕዝቡ በየጊዜው ስለማይያዝ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነውና፣ ወረርሽኝ ሲነሣ የሚያደርሰው ጉዳት የከፋ ነው። በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው ወረርሽኝ፣ ደምቢያን ጨምሮ በእንደዚህ ያለ ከፍታ ላይ የሚኖሩትን መትቶ፣ በግምት 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ሰው ገድሏል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። አንድ ወረዳ 200,000 ሕዝብ ቢኖረውና በዓመት 6,000 የወባ ሕሙማን ቢመዘግብ፣ ከ1,000 ሰው 30 ታመመ ይባላል። ከሕዝቡ 120,000 የሚሆነው ግን ወባ በማይደርስበት ደጋ የሚኖር ከሆነ፣ ለወባ የተጋለጠው ሕዝብ 80,000 ነው፤ መጠኑም ከ1,000 ሰው 75 ይሆናል። የክልሉና የአገሪቱ አማካይ በጠቅላላ ሕዝብ የተሰላ ወይስ በተጋላጭ ሕዝብ የሚለውን ሳያጣሩ ማነጻጸር ከሁለት እጥፍ በላይ ስሕተት ያመጣል። በወረዳው ውስጥም ሐይቁ ዳር ያሉትንና የሩዝ ማሳ ያለባቸውን ቀበሌዎች ከደጋዎቹ ለይቶ ማስላት፣ ከአገር አማካይ ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ለሥራ ይጠቅማል፤ አጎበርና ርጭት የሚደለደለው በቀበሌ ነውና።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በጤና ኬላ ፈጣን የወባ መመርመሪያው ባለቀበት ወር የተረጋገጠ ወባ «ይቀንሳል»። ስለዚህ ከሕሙማኑ ቁጥር ጎን የተመረመሩትን ቁጥርና ከተመረመሩት ስንት በመቶው እንደተገኘበት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሕሙማኑ ቀንሰው የተገኘበት መቶኛ ከጨመረ የቀነሰው ምርመራው ነው። ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ ከርሞ ትኩሳት ይዞ የተመለሰ ወጣትም የሐይቁ ዳር ወባ ተብሎ እንዳይቆጠር የጉዞ ጥያቄውን መጠየቅና መመዝገብ ነው።

ከአማካይ ይልቅ ከገደቡ ጋር ማነጻጸር

አማካዩ ራሱ የታመመ ሲሆን ከአማካይ በታች መሆን ምንም አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የማየት ችግርና የትራኮማ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ንቁ ትራኮማ በአገር ደረጃ 40.1 በመቶ፣ በአማራ ክልል 62.6 በመቶ ተገኝቷል። በዚያን ጊዜ 50 በመቶ የነበረው ወረዳ «ከክልሉ አማካይ የተሻልን ነን» ማለት ይችል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ ቀርቷል ለማለት ያስቀመጠው ገደብ ግን ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ያ ወረዳ ከገደቡ አሥር እጥፍ ይርቅ ነበር። ትራኮማ ሌላም ጥሩ ነገር አለው፤ ልኬቱ የሚደረገው በወረዳ ደረጃ ስለሆነ፣ ከግምት ያልወጣ የራስን ቁጥር ለማግኘት ዕድል ከሚሰጡ ጥቂት በሽታዎች አንዱ ነው።

ስለ ሕፃናት ዕድገት በአጭሩ፦ በየወሩ በጤና ኬላ የሚመዘነው ክብደት ነው፤ መቀንጨር የሚለካው በቁመት ነው። በ2008ቱ ጥናት መቀንጨር በአገር 38፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ሲሆን ዝቅተኛ ክብደት በአገር 24 በመቶ ነበር። የጤና ኬላውን የክብደት ውጤት ከ38 ወይም ከ46 ጋር ማነጻጸር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ነው።

አማካይ የሌላቸው በሽታዎች

በየትኛውም የአማካይ ሠንጠረዥ ላይ የማይገኙ፣ ነገር ግን ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው የታወቁ ችግሮች አሉ። በሐይቁ ዳርቻ በሚዋኙ፣ በሚያጠምዱና ልብስ በሚያጥቡ ሰዎች ላይ የሚገኘው የአንጀት ቢልሃርዚያ አንዱ ነው። ሌላው በደምቢያና በፎገራ በችግር ዘመን ጓያ ለረጅም ጊዜ በብቸኝነት ሲበላ የሚያስከትለው የእግር ሽባነት ነው። እነዚህን ከአገር አማካይ ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም፤ በአገር ደረጃ ሲካፈሉ ወደ ዜሮ ይጠጋሉ፣ በቀበሌ ደረጃ ግን ቤት ቁጥር ተጠርቶ የሚነገርላቸው ናቸው።

በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። በሊቦ ከምከም ሰዎች ትኩሳታቸው አልወርድ ብሎ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እየከሱ መሞት ሲጀምሩ፣ ነገሩ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ተቆጥሮ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። በሽታው እስከዚያ ድረስ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ሆኖ ይታወቅ ስለነበር፣ በዚህ ከፍታ የጠበቀው አልነበረም። በዚያ ጊዜ የወረዳውን ወባ ከአገር አማካይ ጋር ያነጻጸረ ሰው ወባው እንደበዛ ያይ ነበር፤ ነገር ግን በወባ ስም ውስጥ ሌላ በሽታ እንደተቀመጠ ቁጥሩ አይነግረውም። ስለዚህ አንድ አሃዝ ከጎረቤት ወረዳዎች ተለይቶ ሲያሻቅብ፣ ከማነጻጸር በፊት ሕሙማኑ በምን ምርመራ እንደተረጋገጡ፣ ታክመውም ስንቶቹ እንዳልተሻላቸው መጠየቅ አለበት።

አጻጻፉ

ማጠቃለያው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የወረዳው ቁጥር፣ የሚነጻጸርበት ቁጥር፣ ሁለቱም ከየትኛው ምንጭና ዘመን እንደመጡ፣ አካፋያቸውም ማን እንደሆነ ይጻፍ። ከመዋዠቅ ክልል ያልወጣው ልዩነት «ልዩነት አልታየም» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ቀይና አረንጓዴ ቀለም አይቀባ። ወረቀቱ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት ሁለት ሦስት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲያነቡት ማድረግ ይጠቅማል፤ «ይሄ ቀበሌማ አምና ወደ ከተማ ሄዷል» የሚለውን አስተያየት ያገኘሁት ሁልጊዜ ከእነርሱ እንጂ ከቢሮ አይደለም። ሥራው ሐምሌ ላይ ተጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቢያልቅ፣ የወባው ክፍል መስከረም ሳይጠባ ለአጎበር ድልድሉ ይደርሳል።